ኖራ ያለበት አፈር

የአማን አፈር ኖራ አለበት። ከተማይቱ የተቀመጠችባቸው ኮረብታዎች የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ቤቱም አጥሩም ደረጃውም ከዚያው ድንጋይ ተጠርቦ የቆመ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አፈር ዕቃ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከኖራ ጋር ነው። ምስር የምታህል ነጭ ጠጠር ጭቃው ውስጥ ተደብቃ እቶን ትገባለች። እሳቱ ያቃጥላታል እንጂ አያጠፋትም። ዕቃው አምሮ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቀናት አልፈው ያቺ የተቃጠለች ኖራ ከአየሩ እርጥበት እየሳበች ታብጥና የዕቃውን ቆዳ ፈንቅላ ብቅ ትላለች። ለእንግዳ የተባለ ሳህን፣ ማንም ሳይነካው፣ ከመሐሉ ጥፍር የሚያህል ጎድሎት ይገኛል።

ይህን በስልክ ለእናቴ ብነግራት አላመነችኝም። የእሷ አፈር ከእንጦጦ ግርጌ የሚቆፈር ነው፤ እንጦጦ የጥንት እሳተ ገሞራ ስለሆነ አፈሩ እንዲህ ያለ ጣጣ አያውቅም። «ሳትነፊው ቀርተሽ ነው» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ አፈር ስትነፋ ከኖረች ሴት ጋር ምን ክርክር አለ!

እኔ አማን የሄድኩት ከሸክላ ለመሸሽ ነበር። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ተወልዶ ያደገ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እናቴ፣ አያቴ፣ አክስቶቼ ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። አዲስ አበባ በሰፈራችን ሴቶች ምጣድ ትጋግራለች፣ በጀበናቸው ታፈላለች፤ ከምጣዱ የወጣውን እንጀራ ግን ከእነሱ ጋር ለመቁረስ ታመነታለች። ትምህርት ቤት ሳለሁ እርሳሴን ተውሳ የመለሰች ልጅ፣ እናቷ እጇን በአመድ እንዳሳጠበቻት በማግስቱ አጫወተችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። ማታ ማታ ጅብ እንሆናለን፣ በዓይናችን ሰው እንበላለን የሚባለውን አልዘረዝርም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን ጠይብ፣ ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት ሲሞላው እኔ ፓስፖርት አወጣሁ።

ደላላው «ጆርዳን» ሲል እናቴ የሰማችው «ዮርዳኖስ» ብላ ነው። ጌታ የተጠመቀበት አገር ከሆነ ልጄን ክፉ አያገኛትም ብላ ሻንጣዬን ራሷ አሰናዳች። ወንዙን በኋላ አይቼዋለሁ፤ ከአማን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ውሃው ደፍርሶ ቡና በወተት መስሏል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ላኩላት፤ እስካሁን ከሥዕለ ማርያሟ ሥር ተቀምጧል።

የገባሁበት የመጀመሪያ ቤት ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ አላነሣውም። መክተቡ፣ ማለት የሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ፣ ወደ ሁለተኛ ቤት ያዛወረኝ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቤቱ ጀበል ሉወይብዴ የሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከፓሪስ አደባባይ ብዙ ሳይርቅ ነበር። አማን ሁሉ ነገሯ ዳገት ስለሆነ ቤቱን ከላይኛው መንገድ ሲያዩት ባለ አንድ ፎቅ፣ ከታችኛው ሲያዩት ባለ ሁለት ነው። ማዳም ስድሳውን የተሻገሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ቤተሰባቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ከኢየሩሳሌም ተሰዶ የመጣ ሴት ነበሩ። የላይኛውን ቤት አስጎበኙኝና «ታችኛውን ወለሉን ብቻ ጥረጊ፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር አይነካም» አሉኝ።

መጥረጊያዬን ይዤ ወርጄ በሩን ስከፍት የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። እርጥብ አፈር የትም አገር ሽታው አንድ ነው። በላስቲክ የተሸፈኑ የጭቃ ድብልብሎች፣ የሰማያዊና የነጭ ቅብ ባልዲዎች፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከሩ ገበታዎች፣ አንድ ደግሞ በእግር የሚመታ፣ ጥጉ ላይ ደረቴ ድረስ የሚደርስ እቶን። ግድግዳው ላይ ሴትዮዋ በወጣትነታቸው ጣልያን አገር ሸክላ ሲማሩ የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው፣ ይስቃሉ። ሸክላ የሚሠራ ሰው ፎቶ በመስታወት ተገጥሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየሁት ያን ቀን ነው። ከእነ መጥረጊያዬ ቆሜ ቀረሁ።

ሸክላ እንደማውቅ ለረጅም ጊዜ አልተነፈስኩም። የተያዝኩት በአንድ ትልቅ ማሰሮ ነው። ማዳም በመሽከርከሪያው ላይ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ያለ መሽከርከሪያ ትልቅ ዕቃ ማቆም ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ጭቃውን በረጅሙ አድበልብለው ዙሪያውን እየደረቡ ወገቡ ላይ ሲደርስ ሆዱ መዝረጥ ይላል። ሲያነሡት ይወድቃል፣ ሲያነሡት ይወድቃል። እኔ መስኮት እወለውላለሁ። በመጨረሻ አፌ አመለጠኝ፤ «ማዳም፣ ለዛሬ ይብቃው። ከንፈሩን ብቻ እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና ሥሩ ይጠንክር፤ ነገ ይቀጥላል» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ይህን የት ተማርሽ?»

«አይቼ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ግን ያ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ሥሩ ጠንክሮ፣ ከንፈሩ ለስልሶ ጠበቀን። ለእናቴ እንጨት ለመያዝ የደረሰ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ማዳም እጅጌዬን እንድሰበስብ አዘዙኝ። ዕቃው ባለበት ቆሞ እኔ እየዞርኩት፣ በግራ እጄ ከውስጥ ደግፌ በቀኜ ከውጭ እየፋቅሁ አንገቱ ድረስ አወጣሁት። በእኛ ቤት የምትዞረው ሴትዮዋ እንጂ ዕቃው አይደለም። ማዳም ወንበራቸውን ስበው ቁጭ አሉና እስክጨርስ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት የላይኛው ቤት ሠራተኛ፣ ከሰዓት የታችኛው ቤት ረዳት ሆንኩ። ደመወዜ በጥቂቱ ጨመረ። ማዳም ደግ ነበሩ፤ ነገር ግን ፓስፖርቴ ያለው እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ማስተማራቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ የሐኪም ሚስቶች፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች፣ ከውጭ ድርጅቶች የመጡ ፈረንጆች ናቸው፤ ጭቃ ለመንካት ብለው በዲናር ይከፍላሉ! አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ያቆመችውን ሳህን ተደስታ ስታሳያቸው ማዳም «ማብሩክ» ይላሉ፤ ከዚያ ቀጭን ሽቦ ያነሡና ሳህኑን ከአፉ እስከ ሥሩ ለሁለት ይሰነጥቁታል። ሴትየዋ እሪ ትላለች። ማዳም የተሰነጠቀውን ጎን በጣታቸው እያሳዩ «እይ፤ እዚህ ጋ ወፍሯል፣ እዚህ ጋ ሳስቷል። ከውጭ ብታይው ዓመት ሙሉ አይነግርሽም» ይላሉ። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ሆዴን ቆረጠኝ። በእኛ ቤት የተሠራ አይፈርስም፤ የተጣመመውም ቢሆን በርካሽ ለሚገዛ ሰው ይሸጣል፣ የተሰበረው ተፈጭቶ ገሉ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቦካል። እናቴ ስታስተምረኝ አንድ ቃል አትናገርም ነበር። ስሳሳት እጄን ቸብ ታደርጋለች፣ ስስተካከል ዝም ትላለች። ዝምታዋ ምስጋና እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ውሃው ሳልናገር አላልፍም። አማን ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚለቀቀው። ቤቱ ሁሉ ጣሪያው ላይ በርሜል ሰቅሎ ያንን ያጠራቅማል። ሸክላ ቤት ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ እጅ የታጠበበት ባልዲ አይደፋም። አፈሩ እስኪዘቅጥ ይጠበቃል፤ ከላይ የጠለለው ለነገ እጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ ዝቃጩ በጀሶ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ውሃው ሲመጠጥለት እንደገና ይታሻል። ማዳም አፈሩን ግማሹን ከአውሮፓ በከረጢት ያስመጣሉ፤ ግማሹ ከአማን በስተምዕራብ ካለው ከማሂስ አካባቢ ይመጣል። የአውሮፓው ታዛዥ ነው፣ ጠባይ የለውም። እኔ የወደድኩት ያንን ኖራ ያለበትን ክፉውን ነው። ውሃ ውስጥ በጥብጠን፣ በሲባጎ ወንፊት ሳይሆን ሐር በሚመስል ጥቃቅን ወንፊት ደጋግመን እናሳልፈዋለን። እንደዚያም ሆኖ አልፎ አልፎ ያመልጠናል።

እሳቱ ግን ለእኔ ፈጽሞ አዲስ ነገር ነበር። ቀጨኔ ዕቃው ሜዳ ላይ ይደረደርና በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ በኩበትም ተሸፍኖ ይነድዳል፤ ነፋስ ከመጣ የጠዋት ድካም አለቀ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ እቶን ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል። መጀመሪያ እርጥበቱ እስኪወጣ በዝግታ ይሞቃል፤ ከተቸኮለ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል። 573 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ድንገት ጠባዩን ይቀይራል፤ ያንን ሲያልፉ መጣደፍ የለም፤ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው። ከሺህ በላይ ሲደርስ በትንሿ ቀዳዳ እናያለን። ኮን የምትባል ጣት የምታህል ሾጣጣ ውስጥ ትቆማለች፤ ሙቀቱ ሲሞላ አንገቷን ትደፋለች። እናቴ ይህንኑ በዓይኗ ከፍሙ ቀለም ታነበዋለች። ማዳም ይህን ስነግራቸው «የእናትሽ ዓይን ከእኔ መሣሪያ ይበልጣል» አሉ፤ ከልባቸው እንደሆነ ግን አላውቅም፤ መሣሪያውን አንድም ቀን አጥፍተውት አያውቁም።

ቅቡን ግን ወደድኩት። ጥቁር የመዳብ ዱቄት ተበጥብጦ፣ ግራጫ ሆኖ ተቀብቶ ይገባል፤ በማግስቱ እቶኑ ሲከፈት ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነ፣ ሁለቱንም የሆነ ቀለም ይጠብቅሻል። እርሳስ ያለበት ቅብ ይበልጥ ያበራል፤ ማዳም ግን ደጃቸው አያስደርሱትም፤ ሰው የሚበላበት ዕቃ መርዝ አይቀባም ይላሉ።

አልፎ አልፎ ዓርብ ዕለት መኪናቸውን አስነሥተው ይዘውኝ ይወጣሉ። የብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ እዚያው ሉወይብዴ ነው፤ እዚያ የማሕሙድ ጣሃን ሥራዎች አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፋ አጠገብ የተወለደ፣ በባግዳድ ከዚያም በካርዲፍ የተማረ፣ የዓረብኛን ፊደል በሸክላ ግድግዳ ላይ ያቆመ ሰው ነው። በዮርዳኖስ ሸክላን ከጓዳ አውጥተው ጋለሪ ካስገቡት አንዱ እሱ ነው ይላሉ ማዳም። «በአገራችሁስ እንዲህ ያለ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሸክላ ሠሪ ሞልቷል፣ ጋለሪ የገባ ግን አላየሁም አልኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ነው ስለ ማሞ ተሰማ የሰማሁት። ነቀምት ተወልዶ፣ አሜሪካ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ ሸክላ አጥንቶ የተመለሰ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ በኋላም ብሔራዊ ሙዚየምን የመራ ሰው ነበር። ከብሔራዊ ሙዚየም እስከ ቀጨኔ በእግር ይኬዳል። እኛ ሰፈር ግን ስሙን ያነሣልኝ አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላ ዓርብ ወደ ዋዲ ሲር ወርደን ዒራቅ አል-አሚር ደረስን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕት ዓመት የተሠራ፣ አንበሳና ነብር የተቀረጸበት ታላቅ ቤተ መንግሥት እዚያ ሸለቆ ውስጥ አለ። ማዳም የመጡት ግን ለመንደሩ ሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኑር አል ሑሴን ፋውንዴሽን ድጋፍ ማኅበር አቋቁመው ሸክላና ወረቀት ይሠራሉ፣ ይሸምናሉ። አንዲት አሮጊት የእጄን አያያዝ አይታ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ስሜን አልጠየቀችም፣ አገሬን አልጠየቀችም። ጭቃ ቆርሳ ሰጠችኝ።

የዮርዳኖስ ሙዚየም ውስጥ ካየሁት ግን የማልረሳው የዓይን ጋዛልን ምስሎች ነው። ዓይን ጋዛል ዛሬ አማን የዋጠችው፣ በዘርቃ ወንዝ ዳር ያለ የጥንት መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1985 ከጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው የተገኙት ምስሎች ዕድሜያቸው ዘጠኝ ሺህ ዓመት ይጠጋል። ትልልቆቹ ቁመታቸው አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ በሸምበቆና በገመድ አጥንት ላይ በኖራ ልስን የተሠሩ፣ ዓይናቸው ዙሪያው በሬንጅ የተኳለ። አንዳንዶቹ ባለ ሁለት ራስ ናቸው። ማዳም በጆሮዬ «እነዚህን የሠሩ ሰዎች ድስት አልነበራቸውም» አሉኝ። ሸክላ መሥራት ገና አልተጀመረም ነበር። ኖራ ለማቃጠል ግን ከ800 ዲግሪ ያላነሰ እሳት ይፈልጋል። እሳቱን ያውቁታል፣ አፈሩ እግራቸው ሥር ነው፣ ድስት ለመሥራት ግን አላሰቡም፤ ያ ሁሉ እንጨት የነደደው ሰው የሚመስል ነገር ለማቆም ነው። ዕቃዬን የሚፈነቅለው ያ ክፉ ኖራ ዓይን አውጥቶ እያየኝ ነበር። ሸክላ ሠሪን የናቁትን ሁሉ እዚያ ባቆማቸው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ቢያዩትም ቡዳ የሠራው ነው ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አማን በበረዶ ተዘጋች። አሌክሳ ይሉታል ያንን ማዕበል። መንገዱ፣ መብራቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ቆመ። የማዳምም ጣቶች ያን ክረምት ቆሙ። የቁርጥማት ሕመሙ የቆየ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጭቃ መሐል ላይ ማስቀመጥ አቃታቸው። በረዶው ሲቀልጥ ተማሪዎቹ መጡ። ማዳም መሽከርከሪያው አጠገብ በወንበር ተቀምጠው እኔን ገበታው ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እጄ ይሠራል። አንዲት ሴት ዕቃዋን ሰብስባ «እኔ የከፈልኩት ለአስተማሪ ነው» ብላ ወጣች። ማዳም ገንዘቧን እስከ መጨረሻዋ ፊልስ ቆጥረው መለሱላት፤ ዳግመኛ አልጋበዟትም። ሌሎቹ ቀሩ።

ቅዳሜ የልጆች ነበር። ከሶርያ የተሰደዱ ቤተሰቦች በምሥራቅ አማን በሐሺሚ ሰፈር ተጠጋግተው ይኖሩ ነበርና፣ ማዳም ለእነዚያ ልጆች ክፍያ አይቀበሉም። የዮርዳኖስ ልጆች ሴት አስተማሪን ሁሉ «ሚስ» ነው የሚሉት፤ እኔም ሚስ ሆንኩ። አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ከሐለብ ገጠር የመጣ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ድመትና መኪና ሲሠሩ እሱ ጭቃውን ገፋ አድርጎ «ሚስ፣ ፀጉር የለውም» አለኝ።

«የምን ፀጉር?»

«የፍየል ፀጉር። ታንኑር ያለ ፀጉር ይሰነጠቃል።»

አያቱ የዳቦ ምድጃ ስትሠራ ፀጉሩን ከጭቃው ጋር የሚረግጠው እሱ ነበር። የፍየል ፀጉር ከየት ይምጣ! ከገበያ ሲባጎ ገዝቼ፣ በመቀስ ከታትፌ ሰጠሁት። በጫማው ረገጠው፤ ወለሉ ጉድ ሆነ። ክንድ የማይሞላ ታንኑር ሠራ፣ ከነ አየር ማስገቢያው። እሱ ሲጨርስ የቀሩትን ልጆች አስቀምጬ እንዲያስረዳቸው አደረግሁ፤ ከእኔ የተሻለ አስረዳ። ማዳም በሽቦ ሊሰነጥቁበት እንደማይደፍሩ ነገሩኝ።

ጀበና የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። ከአገር በሻንጣ የሚመጣ ጀበና ጡቱ ወይም አንገቱ ተሰብሮ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ስላገደ፣ የአገሬ ልጆች ብወጣ አልመለስም ብለው ዕረፍት መሄድ ፈርተው ነበር፤ ጀበናም ቀረ። ሠርቼ በእቶኑ አበሰልኩት፤ ቀይ ሆነ። እኔ የምፈልገው ጥቁር ነው። እቶኑ ውስጥ ጭስ ከገባ ሽቦዎቹ ይበላሻሉ። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ የብረት በርሜል አቁመን፣ ከሰፈሩ አናጺ ሰጋቱራ ለምነን፣ ጀበናዎቹን በሰጋቱራ ቀብረን ከላይ ለኮስነው። ሌሊቱን ሙሉ ጨሰ። ጎረቤታችን በፒጃማ ወጥቶ ቤት ተቃጠለ እያለ ጮኸ፤ ማዳም ከሰገነት ላይ ሆነው «ባርቤኪው ነው» አሉት፣ በክረምት! ጠዋት ሲወጡ አንዱ ጎናቸው ከሰል፣ አንዱ ጎናቸው ደመና የመሰለ ግራጫ ነበር። ማዳም ደመናውን አይተው አጨበጨቡ። እኔ ደመናው ያልበሰለ ነው ብዬ ደግሜ አጨስኩት። ቅርጹ ላይ ተስማምተን እናውቃለን፣ ቀለም ላይ ግን አንድም ቀን አልተስማማንም።

ከጥቁሮቹ አንዱን በቡና አተላ ደጋግሜ አሟሸሁና ዓርብ ዕለት ጀበል አማን፣ የአገር ልጆች በጋራ ወደ ተከራዩት ክፍል ይዤ ሄድኩ። ቄጤማው የፕላስቲክ ነው፤ ዕጣኑ እውነተኛ ነው። አቦሉ ተቀዳ። ጀበናው ዞሮ ዞሮ ታየ።

«ከየት አመጣሽው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«የት ተምረሽ?»

ከማዳም ልል እችል ነበር። «ከእናቴ» አልኩ። «የቀጨኔ ልጅ ነኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ሲኒዋን ቀስ ብላ ረከቦቱ ላይ መለሰች፤ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ነው አለች። እሷ የምትሠራበት ቤት ማዳሟ ሳህኗንና ብርጭቆዋን ከመታጠቢያው ሥር ለብቻ አስቀምጣባት፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ያንን እያነሣች የምታለቅስ ልጅ ናት። ያፈላችው ልጅ ቶናውን ቀዳች፤ «ጨጓራዋን ያላመማት ትጠጣ» አለችና ወደ እኔ ዞራ «ለእኔ ሁለት ሥሪልኝ፤ አንዱን ለእህቴ» አለችኝ። ከዚያ ዓርብ በኋላ የጀበና ትእዛዝ አልተቋረጠም። ጨጓራዋን ያመማትም፣ ጊዜ ቢወስድም፣ በሰው አስላከች።

በጋ ሲገባ ዓርብ ዓርብ ከሬይንቦው መንገድ አጠገብ፣ አንደኛው አደባባይ አካባቢ፣ ሱቅ ጃራ የሚባል ገበያ ይቆም ነበር። የእጅ ሥራ፣ የወይራ ሳሙና፣ አሮጌ ነገር ይሸጥበት ነበር። የማዳም ዕቃዎች ሥራቸው ላይ ማኅተማቸው አለ። ጀበናዎቹን ስንደረድር ማዳም ሥራቸውን ገልብጠው አዩና «ይህ የእኔ አይደለም፤ የራስሽን ጻፊበት» አሉኝ። እናቴ በዕቃዋ ላይ ጽፋ አታውቅም። ለሚቀጥለው እሳት በሚስማር ጫፍ «ቀጨኔ» ብዬ ጻፍኩ። የሚያነበው የለም፤ ገዢዎቹ ጌጥ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም ጀበናውን ለአበባ ነው የሚገዛው። ታዲያ አንድ ምሽት የሰው ሕፃን በጋሪ የምትገፋ የአገሬ ልጅ ቆም አለች። ጀበናውን አነሣች፣ በጥፍሯ ኳ አድርጋ ድምፁን ሰማች፣ ገለበጠችው፣ አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ነው?»

«ሃያ ዲናር።»

«በማርያም! ሃያ ዲናር? ሽሮ ሜዳ ወርጄ አምስት እገዛበታለሁ!»

«እንግዲያው ሽሮ ሜዳ ውረጃ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። በስምንት ወሰደችው። ማዳም እስካሁን አልሰሙም።

የተመለስኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ማዳም ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አውጥተው ሰጡኝ፤ አብሮ የሽቦ መቁረጫቸው ነበር። የእቶን ዋጋ፣ ቀረጥና የሦስት ፌዝ መብራት ጉዳይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ይቅር። አሁን እንጦጦ መውጫ ላይ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከቦሌም ከሲኤምሲም ይመጣሉ፣ ይከፍላሉ። እናቴ መጀመሪያ የመጣችው ሊያታልሉኝ ነው ብላ ለመጠበቅ ነበር። ቅብ የተቀባውን ጀበና አንስታ በምላሷ ቀመሰችና «ይህ አይተነፍስም፤ ቡናው ታፍኖ ይሞታል» ብላ ፈረደችበት። እኔ ደግሞ ለሳህን እንጂ ለጀበና አልቀባም አልኳት። ይህ ክርክር አላለቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በእጅ ማቆምን የምታስተምረው እሷ ናት። አሁንም አትናገርም፤ የባንክ ሥራ አስኪያጁን እጅ ቸብ ታደርጋለች፣ እሱም ይቅርታ እማማ ይላል። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ሳህኗን አቁማ ስታሳየኝ ጎበዝ ብዬ ሽቦውን አነሣሁና ለሁለት ሰነጠቅሁት። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። ሁለቱን ቁራጭ አንስታ አየች፣ ውፍረቱን በአውራ ጣቷ ለካች፣ የሳሳውን ቦታ ለልጅቷ አሳየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ሠላሳ ብር ያወጣ ነበር። ማን ነው የሚከፍላት?»